ወገብ የማያልፍ ውኃ፣ ወገብ የሚሰብር ሞገድ

ሁለት ሞገዶች አሉ እንበል። አንዱ ከሩቅ የመጣ የውቅያኖስ ሞገድ ነው፤ ከፍታው አንድ ሜትር። ሌላው ከወገብ በማያልፍ ውኃ ላይ ነፋስ ያስነሣው ነው፤ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከጉልበት በታች። በትንሽ የሞተር ጀልባ እየፈጠናችሁ አንዱን መጋፈጥ ቢኖርባችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ትንሹን ካላችሁ ተሸውዳችኋል። ጥርስ የሚያንገጫግጨው እሱ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ከገባችሁ ካታማራን የሚባለው ባለመንታ አካል የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ለምን ያን መልክ እንደያዘ ለመረዳት ሩቅ አትሄዱም። ሞገዱን ክፉ ያደረገውም፣ ጀልባውን ያን ቅርጽ ያስያዘውም አንድ ነገር ነውና፤ የውኃው ጥልቀት ማነስ።

ቦታው

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ እንየው። በአሜሪካ ቴክሳስ ከኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ወደ ሜክሲኮ ድንበር የሚወርድ ላጉና ማድሬ የሚባል ረጅምና ጠባብ የጨው ውኃ አለ። ርዝመቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን አንድ ሜትር አካባቢ ብቻ። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚለየው ፓድሬ ደሴት ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የአሸዋ ደሴት፣ በዓይነቱ ከዓለም ረጅሙ። ወደ ላጉናው የሚገባ ወንዝ እምብዛም የለም፣ ፀሐዩ ውኃውን ያተነዋል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከውቅያኖሱ ይልቅ ጨዋማ ነው። ወለሉን የባሕር ሣር ይሸፍነዋል። በሣሩ መሐል ሬድፊሽና ባለነጠብጣብ ትራውት የሚባሉት ዓሦች ይመላለሳሉ፤ ሬድፊሹ አንዳንዴ ጅራቱ ከውኃ በላይ እስኪታይ ድረስ ወደ ዳር ይጠጋል። አጥማጅ እሱን ተከትሎ ለመግባት ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውኃ ላይ የሚሄድ ጀልባ ያስፈልገዋል።

ነፋሱስ? ኮርፐስ ክሪስቲ በአሜሪካ ነፋስ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። አብዛኛውን ዓመት ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ጠዋት ለስለስ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። በብርዱ ወራት ደግሞ «ኖርዘር» የሚሉት ቀዝቃዛ የሰሜን ነፋስ ድንገት ይመጣና አቅጣጫውን ሁሉ ይገለብጠዋል። በዚያ አካባቢ ጨረቃ የምታስከትለው የባሕር ከፍና ዝቅ ማለት በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ውኃውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚገፋው ነፋሱ ነው። ትናንት ጀልባችሁ ያለፈበት ቦታ ዛሬ ጭቃው ሊታይ ይችላል።

ሞገዱ ለምን ይከፋል?

ሞገድ ሲሄድ ውኃው ራሱ አብሮ አይጓዝም፤ ባለበት ክብ እየሠራ ይዞራል። ጥልቅ ባሕር ላይ ያ ክብ የሚዞርበት ሰፊ ቦታ አለው። ጥልቀቱ ሲያንስ ግን ወለሉ ያደናቅፈዋል፤ ሞገዱም ፍጥነቱ ይገደባል። አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ላይ የትኛውም ተራ ሞገድ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር አካባቢ በላይ መሄድ አይችልም፤ በግማሽ ሜትር ውኃ ላይ ደግሞ ከ8 አያልፍም። መፍጠን ያልቻለ ሞገድ መርዘምም አይችልም። ነፋሱ ጉልበቱን መስጠት አያቆምምና ሞገዱ እየቀረበ፣ እየሾለ፣ ቁልቁለቱ እየጠነከረ ይሄዳል።

ቁጥሩ ይበልጥ ያሳያችኋል። በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ የውቅያኖስ ሞገድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 150 ሜትር ያህል ይርቃል። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ያን ያህል እንኳ አይታወቃችሁም። ላጉና ማድሬ ላይ ግን ሞገዱ በየ2 ሰከንዱ ገደማ ይመጣል፤ በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርቀትም 5 ሜትር አካባቢ ነው። አሁን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ወደ ነፋሱ ንዱ። ሞገዱም ወደናንተ እየመጣ ስለሆነ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ትጋጫላችሁ። በአሥር ደቂቃ ጉዞ ሁለት ሺህ ያህል ምት ማለት ነው! ጀልባዋ ከአንዱ ሞገድ ሳትወርድ ሌላው ይቀበላታል።

ይህ የቴክሳስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል በሆነው የዝዋይ ሐይቅ ላይም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ የሚፈጠረው ሞገድ አጭርና ችኩል ነው።

ስለት ጥልቀት ያስከፍላል

ምቱን ለማለዘብ የታወቀው መፍትሔ የጀልባዋን ሆድ ማሾል ነው። ሹል ሆድ ሞገዱን ይሰነጥቀዋል፤ ጠፍጣፋ ሆድ በጥፊ ይመታዋል። በዚህ ጉዳይ የሚነሣ አንድ ሰው አለ፤ አሜሪካዊው የጀልባ ንድፍ ሠሪ ሬይ ሃንት። እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ ወደ ናሳው በተደረገው የሞተር ጀልባ ውድድር፣ ባሕሩ በተናወጠበት ቀን፣ በሱ ንድፍ የተሠራችው ባለጥልቅ ሹል ሆዷ «ሞፒ» አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ በክፍት ባሕር ለሚፈጥን ጀልባ ሹል ሆድ ዋናው መልስ ሆነ።

ታዲያ ለምን ላጉናው ላይም እሱን አይጠቀሙም? ስለቱ በጥልቀት ስለሚከፈል ነው። ነገሩን በግምት እናስላው። ሰውና ሞተሩን ጨምሮ 1.5 ቶን የምትመዝን፣ ውኃ ላይ 6 ሜትር በ2 ሜትር የምትይዝ ጀልባ አለች እንበል። ሆዷ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ቢሆን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ትሰምጣለች። ሆዷን ከመሐል ወደ ጎኖቹ በ20 ዲግሪ ብናሾለው ግን ያው ክብደት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሰምጣታል። በዚያ ላይ ከታች የሚወርደውን ሞተር ጨምሩበት። ሬድፊሹ ያለበት ቦታ ለመድረስ ሣሩን ማረስ ሊኖርባችሁ ነው።

ካታማራን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰፊ ሆድ ከማሾል ይልቅ ሁለት ጠባብ ሆዶችን አሹሉ። እያንዳንዱ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ በዚያው 20 ዲግሪ ሹሉ ከጎኖቹ የሚወርደው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በሰፊው ሆድ ላይ ግን 36 ሴንቲ ሜትር ይወርድ ነበር። ስለቱ ያው፣ የሹሉ ጥልቀት ከግማሽ በታች! የጀልባዋን ክብደት ስናስገባ አጠቃላይ ስምጠቷ 24 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከጠፍጣፋዋ ትበልጣለች፣ ከሹሏ ታንሳለች። ብዙ ሠሪዎች ማዕዘኑን ቀነስ አድርገው ከዚህም ያነሰ ያደርጉታል። ጀልባዋ ፈጥና ውኃው ላይ መንሸራተት ስትጀምር ደግሞ ከፍ ስለምትል የምትፈልገው ውኃ ይበልጥ ይቀንሳል።

መሿለኪያው ውስጥ ምን አለ?

ሁለቱ ጠባብ አካላት ከላይ በአንድ ወለል የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ መሿለኪያ ይቀራል። ጀልባዋ ስትፈጥን አየርና የተረጨ ውኃ ከፊት ይገቡበታል፤ መሿለኪያው ወደ ኋላ እየጠበበ ከሄደ ደግሞ የገባው ሁሉ ይታመቃል። ወለሉ ሞገዱ ላይ ሊያርፍ ሲል የታመቀው የአየርና የውኃ ድብልቅ መሐል ገብቶ ምቱን ያለዝበዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካናዳዊው አልበርት ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ «ሲ ስሌድ» ብሎ በሠራት ጀልባ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ገልብጦ ውኃና አየሩን ከሥር አጥምዷል። ሬይ ሃንት ራሱም እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ በቀረበችው ትንሿ ቦስተን ዌለር ጀልባ ንድፍ ላይ የተነሣው ከዚያ ሐሳብ ነው። ያው ሰው ለጥልቁ ባሕር አንድ መልስ፣ ለትንሿ ጀልባ ሌላ መልስ ሰጠ ማለት ነው።

ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የአየሩም እርዳታ ይጨምራል። በኮረኮንች መንገድ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በዝግታ ሲሄድ እያንዳንዱ ጉብታ ይቆጠራል፣ በተወሰነ ፍጥነት ግን መኪናው ከጫፍ ጫፍ እየነካ ያልፋል። ካታማራን ነጂዎችም ትንሽ ሞገድ ላይ ፍጥነት ከመቀነስ ይልቅ በመጠኑ ቢጨምሩ ጉዞው ሲለሰልስ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ትሩፋት ሚዛን ነው። ጀልባ በጎን እንዳታዘነብል የሚይዛት በዋናነት ስፋቷ ነው፤ የካታማራን ተንሳፋፊ አካል ደግሞ በሙሉ ከሁለቱ ዳር ላይ ነው ያለው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጎን ቆመው ዓሣ ሲስቡ ጠባብ ባለሹል ሆድ ጀልባ ወደነሱ ታዘነብላለች፤ ካታማራኗ ግን እምብዛም አትነቃነቅም። ነፋሱ በጎን እየገፋት በሣሩ ላይ ስትንሳፈፍ ቆሞ መንጠቆ መወርወር የሚመቸው በዚህ ነው። ነፋሱ ከበረታ ከኋላዋ ጃንጥላ የመሰለ ከረጢት ውኃ ውስጥ ይጥሉና ይዘገያሉ፤ ወይም የላጉናውን ወለል የሚወጋ ረጅም ዘንግ አውርደው ይቆማሉ።

የሚሸነፍበት ቦታ

እስካሁን አሞገስኩት፤ አሁን ጉዱን እንናገር።

አንደኛው መሿለኪያው ራሱ ነው። ጣሪያው ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ የተወሰነ ነው፤ ለጥልቀት የለሽ ውኃ በተሠሩት ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ሞገዱ ከዚያ ከበለጠ ጣሪያውን ይመታል፤ ያ ጣሪያ ደግሞ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ቧ! የሚል ድምፅ፣ ከዚያም ወለሉ እስከ ጉልበታችሁ የሚልክላችሁ ንዝረት። በዚሁ ቅጽበት መሿለኪያው ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ከፊት ይፈነዳል፤ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር የጉም ያህል የደቀቀ ውኃ ብው ብሎ ይወጣል፣ ነፋሱም አንሥቶ ፊታችሁ ላይ ይደፋዋል። አጥማጆቹ ጀልባዋ አነጠሰች ይላሉ። ስታዩት ያስቃል፤ በብርዱ ወራት ሃያኛው ማስነጠስ ላይ ግን ማንም አይስቅም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ሞገዱ ፊት ለፊት ከመጣ ሁለቱ አካላት እኩል ይሰነጥቁታል። ከጎን አዘንብሎ ሲመጣ ግን አንደኛው ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ጀልባዋም በጎንና በፊት እየተጠማዘዘች ትሄዳለች። ስፋቷ የሰጣት ጽናት እዚህ ላይ ይገለበጥባታል፤ የሞገዱን ቁልቁለት ሁሉ ተከትላ ቶሎ ቶሎ ስለምትመለስ ዝግ ያለ መወዛወዝ የለም፣ መነቅነቅ ነው።

ሦስተኛው መታጠፍ ነው። ሹል ሆድ ያላት ጀልባ ስትታጠፍ ወደ ውስጥ ታዘነብላለች፣ ሰውም ወንበሩ ላይ ይጸናል። ብዙ ካታማራኖች ግን ቀጥ ብለው ወይም ትንሽ ወደ ውጭ አዘንብለው ነው የሚታጠፉት፤ ሰው ወደ ውጭ ይወረወራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ነጂ ከመታጠፉ በፊት «ያዙ!» ይላል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል።

አራተኛው ሞተሩ ነው። ፕሮፔለር የሚገፋው ውኃን ነው፤ በመሿለኪያው መጨረሻ ላይ ያለው ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በአየር የተሞላ አረፋ ነው። ሞገዱ ሲበዛ ፕሮፔለሩ መያዣ ያጣና ሞተሩ ድንገት ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ሠሪዎቹ የመሿለኪያውን ጫፍ የሚቀርጹት ንጹሕ ውኃ ወደ ሞተሩ እንዲወጣ አድርገው ነው፤ ጫፉ የተቆለመመ ባለአራት ምላጭ ፕሮፔለርም ይረዳል። ሞተሩ በጃክ ፕሌት፣ ማለትም ሞተሩን ሽቅብ ቁልቁል በሚያንቀሳቅስ ማንሻ ላይ ስለሚታሰር፣ ሞገድ ላይ ዝቅ አድርጎ ጋዝ መቀነስ ነው መፍትሔው። በጣም ከፍ ካለ ማቀዝቀዣው ውኃ መሳብ ስለሚያቅተው ዓይን ከውኃ ግፊት መለኪያው ላይ አይነሣም።

ነጂው የሚሠራው

ጀልባዋ የቤት ሥራውን ግማሹን ሠርታ መጥታለች፤ ሌላው ግማሽ የነጂው ነው።

መጀመሪያ ክብደት። ወደ ነፋሱ ሲኬድ አፍንጫዋ ዝቅ ማለት አለበት፤ የሾለው ክፍል ሞገዱን እንዲያገኘው። ለዚህ ከኋላ ከታች በሁለቱ ጎን የተገጠሙት ትሪም ታብ የሚባሉት የብረት ምላሶች አሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ የኋላውን ያነሡና ፊቱን ያጎነብሱታል። አንደኛውን ብቻ በማውረድም ነፋሱ ያዘነበላትን ጀልባ ማቃናትና ርጭቱን ከሰው ማራቅ ይቻላል። ከነፋሱ ጋር ሲመለሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የነዚህ ጀልባዎች አፍንጫ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከፊት ካለው ሞገድ ጀርባ ከገባ ውኃው በወለሉ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ምላሶቹ ይነሣሉ፣ በረዶ የሞላው የዓሣ ሣጥንም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሁለተኛ መንገድ። አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ ቀጥተኛው አይደለም። ሞገድ ለማደግ ነፋሱ ሳይቋረጥ የሚሮጥበት ርቀት ይፈልጋል፤ ነፋሱ ከሚመጣበት ዳር አጠገብ ያ ርቀት ገና ስላልተገኘ ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ሲሆን የፓድሬ ደሴትን ዳር ተጠግቶ የሚሄድ ሰው እጥፍ ርቀት ቢጓዝም ደርቆ ይደርሳል። በላጉናው መሐል ለመርከብ በተቆፈረው ቦይ ዳርና ዳር ከቁፋሮው በወጣ አፈር የተሠሩ ትንንሽ ደሴቶችም መጠለያ ይሆናሉ። እንዲህ ዳር ለዳር መሄድን የሚፈቅደው ደግሞ ጀልባዋ ጥቂት ውኃ ስለሚበቃት ነው። ካታማራን ከሻካራ ውኃ የሚያመልጠው ከስለቱ ይልቅ በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሂውስተን አካባቢ ያላችሁ ወዳጆች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የጋልቬስተን ቤይ የተባለው የባሕር ወሽመጥ አማካይ ጥልቀት ሁለት ሜትር ያህል ነው፣ ስፋቱም ትልቅ ነው፤ በመሐሉ ደግሞ 14 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የሂውስተን የመርከብ መተላለፊያ ያልፋል። ስለዚህ ሞገዱ ከላጉና ማድሬው ይበልጥ ያድጋል፣ ታላላቆቹ መርከቦችም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ላጉናው ላይ የምትመሰገን ዝቅ ያለ ካታማራን እዚያ መሐል ላይ ጣሪያዋን ስትደበደብ ትውላለች። ለዚያ ቦታ መሿለኪያው ከፍ ያለ ወይም ሆዱ የሾለ ጀልባ ይሻላል።

ሦስተኛው ማቆምና መነሣት ነው። ጀልባዋ ከመንሸራተት ወደ መንሳፈፍ ስትመለስ ትሰምጣለች፣ መሿለኪያውም ወደ ሞገዱ ይቀርባል፣ ሞተሩም ወደ ውኃው ወለል። እንደገና ለመነሣት ከሩጫዋ የበለጠ ጥልቀት ያስፈልጋታል። እዚያው ሣር ላይ ጋዝ የሰጠ ሰው በፕሮፔለሩ የረጅም ዓመት ጠባሳ ይቆፍራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ የባሕር ሣርን በፕሮፔለር መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ፈልጎ እዚያ መነሣት ነው።

አራተኛው ገመዱ ነው። ርዝመታቸው ከ8 ሜትር በታች በሆነ የሞተር ጀልባዎች ላይ በፍጥነት ሲኬድ ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ራሱ ላይ እንዲያስር የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ያስገድዳል። በሰከንድ ሦስት ጊዜ በምትመታ ጀልባ ላይ ሰው መውደቁ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ነጂ አልባ ጀልባ ደግሞ ክብ እየዞረች ተመልሳ የወደቀውን ልትመታ ትችላለች።

ለመግዛት ካሰባችሁ

ሻጩ ጀልባዋን በጸጥታው ማለዳ ሊያሳያችሁ ይወዳል። እናንተ ከሰዓት በኋላ ቅጠሩት፤ ነፋሱ ሲነሣ። ወደ ሞገዱ፣ ከሞገዱ ጋር፣ በሁለቱም ጎን አዘንብላችሁ ሂዱ፤ በሙሉ ነዳጅና በምትወስዱት ሰው ልክ ጭናችሁ። የመሿለኪያውን ጣሪያ ከፍታ በሜትር ለኩ። አንድ ነገር ደግሞ ጠይቁ፤ በአሜሪካ ከ6 ሜትር በታች የሆኑ ባለአንድ አካል የሞተር ጀልባዎች ስንት ሰውና ክብደት እንደሚችሉ የሚገልጽ ሰሌዳ በሕግ መያዝ አለባቸው፤ ያ ደንብ ካታማራንን አይጨምርም። ስለዚህ የመሸከም አቅሟን ሠሪው በጽሑፍ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ከሁሉ በፊት ግን ካርታ አውጡና የምታጠምዱበትን ውኃ ጥልቀት እዩ። አብዛኛው ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ካታማራኗ ትክሳችኋለች፤ ከሁለት ሜትር በላይ ከሆነ ግን ለማትገቡበት ጥልቀት የለሽ ውኃ በወገባችሁ እየከፈላችሁ ነው።